ወጌሻዋና የዓመቱ ምርጥ አትሌት

አክስቴ ወጌሻ ነበረች። ስቴዲየሙ ውስጥ፣ ከተመልካቹ መቀመጫ ሥር፣ መስኮት የሌላት አንዲት ክፍል ነበረቻት። ክፍሏ ውስጥ ቆዳው የተተረተረ ረጅም አግዳሚ፣ አንገቱ ተቆርጦ በረዶ የሚያዝበት ጀሪካን፣ የቅባት ጠርሙሶችና አንድ ደረቅ ወንበር አለ። ሕዝቡ ከላይ ሲደሰትና ወለሉን በእግሩ ሲደልቅ፣ ከጣሪያው ሲሚንቶ እንደ ዱቄት እየረገፈ የተኛችው አትሌት ጀርባ ላይ ያርፋል። አክስቴ በፎጣ ጠረግ እያደረገች፣ «እነሱ ሲደሰቱ እኛ ላይ ነው የሚፈርስብን» ትል ነበር።

እዚያ የተቀጠረችው ፎጣ ልታጥብ ነው። የድሮው ወጌሻ ሽማግሌ ነበሩ፤ ሴቶቹ ሯጮች ደግሞ እሳቸው ፊት ጭናቸውን መግለጥ ያፍራሉ። አንድ ቀን አንዷ ባቷ ተኮማትሮባት ስታለቅስ፣ አክስቴ የያዘችውን ፎጣ ጥላ ገብታ አሸቻት። እጁን ከአባቷ ነው የወረሰችው፤ አያቴ የተሰበረ ይጠግኑ፣ የወለቀ ይመልሱ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሴቶቹ «ከእትዬ በቀር ማንም አይነካንም» አሉ። በዚሁ ሃያ ሁለት ዓመት አለፈ። ዲፕሎማ አልነበራትም። የነበራት የሁለት ሳምንት ሥልጠና የተካፈለችበት ወረቀት ብቻ ነው፤ እሱንም በመስታወት አሠርታ ግድግዳው ላይ ሰቅላዋለች።

እኔ ያደግሁት እሷ ጋ ነው። እናቴ ስትሞት ወሰደችኝ፤ ባል አላገባችም፣ ልጅ አልወለደችም። ሲጠይቋት፣ «ሠላሳ ልጅ አለኝ፤ ሁሉም እግራቸውን ነው የሚያማቸው» ትላለች።

ከሠላሳዎቹ አንዷ ጥይት ነበረች። ስሙን ያወጡላት ጓደኞቿ ናቸው። በአሥራ ሰባት ዓመቷ አንዲት ፌስታል አንጠልጥላ መጣች፤ በሃያ ዓመቷ በስምንት መቶ ሜትር አገር ውስጥ የሚደርስባት ጠፋ። ቀጭን ናት፤ ነገረኛ ናት፤ ስትታሽ እንኳን አፏ አያርፍም። አክስቴ ሌሎቹን ትወዳቸዋለች፤ ለጥይት ግን ትሳሳላት ነበር። ልዩነቱን የሚያውቀው አብሯት የኖረ ሰው ነው።

ለሴት አትሌቶች ብቻ የሚሰጠው ብሔራዊ ሽልማት ያን ጊዜ ስድስተኛ ዓመቱን ይዞ ነበር። የዓመቱ ምርጥ ሴት አትሌት በትልቁ አዳራሽ፣ በቴሌቪዥን በቀጥታ እየታየች ትሸለማለች። አሠልጣኟም አብሮ ይነሳል፤ ከዚያ በፊት በነበሩት ሁለት ዓመታት ያሸለሙት አሠልጣኞች በዓመቱ ብሔራዊ ቡድኑን ተረክበዋል። በዚያ ዓመት ጥይት ውጭ አገር ሁለት ውድድር አሸንፋ ስለመጣች ሽልማቱ የሷ እንደሆነ ማንም አልተጠራጠረም። ደንቡ ግን አንድ ነገር ይላል፤ ተሸላሚዋ በዓመቱ መዝጊያ ሻምፒዮና ላይ መሮጥ አለባት።

ሻምፒዮናው አሥራ ስምንት ቀን ሲቀረው፣ አክስቴ የጥይትን ግራ እግር እያሸች የቅልጥሟ አጥንት ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ።

«እዚህ ጋ ያምሻል?»

«ምንም አይለኝም።»

አፏ ምንም አይለኝም ቢልም የላይኛው ከንፈሯ ላይ ላብ ችፍ ብሎ ነበር። አክስቴ ከአግዳሚው አስወርዳ፣ «በዚህ እግርሽ ብቻ ዝለይ» አለቻት። ጥይት አንዴ ዘለለች፤ ሁለተኛውን ስትሞክር አግዳሚውን ይዛ ቀረች።

አክስቴ ቅባቱን ከእጇ ሳትጠርግ የጥይት አሠልጣኝ ጋ ሄደች። አሠልጣኙን ከልጅነቱ ጀምሮ ታውቀዋለች፤ ሯጭ በነበረ ጊዜ እሱንም ያሸችው እሷ ናት።

«የልጅቷ አጥንት ተሰንጥቋል» አለችው።

«እትዬ ደግሞ፤ ዓይንሽ ራጅ ሆነ እንዴ?»

«ራጅ አስነሳትና ውሸታም በለኝ።»

አሠልጣኙ የቢሮውን በር ገፋ አድርጎ ዘጋው። «ራጅ ከተነሳች ወረቀት ይወጣል። ወረቀት ከወጣ ሐኪሙ ይከለክላታል። ሁለት ዙር ነው የቀራት፤ ሁለት ዙር ብቻ። በማግሥቱ እኔ ራሴ ሆስፒታል እወስዳታለሁ።»

«አጥንት ማግሥት አያውቅም» አለችው።

«አንቺ እግሯን በፋሻ እሰሪላት። ሌላውን ለኔ ተዪው።»

«አላስርም» ብላ ወጣች። ማታ ቤት ገብታ ይህን ስትነግረኝ ኩራት ቢጤ ይታይባት ነበር። በጽሑፍ አድርጊው አላልኳትም። ማን ያስባል? በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ወረቀት ጽፋ አታውቅም፤ ቃሏ ይበቃ ነበር።

በሳምንቱ እሑድ ጥይት ቤታችን መጣች። እኔ ፎጣ አጣጥፋለሁ፤ አክስቴ ደጃፍ ላይ ተቀምጣለች። ልጅቷ የዚያን ቀን ቀልድ አላወራችም። መሬት ላይ ቁጭ ብላ ጭንቅላቷን አክስቴ ጉልበት ላይ አደረገች።

«እትዬ፣ እሰሪልኝ።»

«ዓመት ይመለሳል፣ ልጄ። እግር ግን አይመለስም።»

«ዓመት የሚመለሰው ለሌላ ሰው ነው። ለከርሞ ሌላ ልጅ ትመጣለች፤ እኔን ማን ያስታውሰኛል?»

ከዚያ ስለ አባቷ ነገረችን። ልትሮጥ ከቤት ስትወጣ፣ «ሮጠሽ ሮጠሽ ከማጀት አታልፊም» ብሏታል። ከዚያ ወዲህ አላናገራትም። ቤቱ ቴሌቪዥን የለም፤ ጎረቤት እየሄደ ኳስ ያያል። «የሽልማቱ ቀን ሠፈሩ በሙሉ እዚያ ነው የሚሰበሰበው» አለች፤ «ስሜ ሲጠራ አባቴ እዚያው መሀላቸው ተቀምጦ እንዲሰማ ነው የምፈልገው። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

ጥይት ጨመረች፦ «አንቺ ካላሰርሽልኝ ሌላ ሰው ያስርልኛል። ጠፍሮ ያስረኝና ደሜን ያቆምብኛል። ያኔም የምታለቅሺው አንቺው ነሽ።»

ልጅቷ ከሄደች በኋላ አክስቴ ከሣጥኗ ፋሻ አወጣች። እኔም ምን ልታደርግ እንደሆነ ገባኝ፤ አንጀቷ አልቻለም። አላልኳትም እንጂ ልከለክላት ይገባኝ ነበር።

በውድድሩ ቀን እኔ ከላይ ከሕዝቡ ጋር ነበርኩ። አክስቴ የጥይትን እግር አስራ ስታበቃ አላይም ብላ ክፍሏ ቀረች። ጥይት የመጀመሪያውን ዙር ከሁሉም ኋላ ሆና ሮጠች፤ ጠላቶቿ ደከመች አሉ። ሦስት መቶ ሜትር ሲቀር ወጣች። ማንም አልተከተላትም። መስመሩን ከሁለተኛዋ ሃያ ሜትር ቀድማ አለፈች፤ ካለፈች በኋላ አራት እርምጃ ያህል ሄደችና ግራ እግሯ እንደ ደረቅ ጭራሮ ታጠፈ። ድምፁን ሰማን የሚሉ አሉ፤ እኔ አልሰማሁም። ልጅቷ ግን አልጮኸችም። ደረቷ ላይ የተለጠፈውን ቁጥር ነክሳ በጎኗ ተኛች።

ከላይ ሕዝቡ አሁንም እየጨፈረ ነበር። ወደ ክፍሏ ስወርድ አክስቴ ፀጉሯ ላይ የሲሚንቶ ብናኝ እንደረገፈባት ቆማለች።

«አሸነፈች?» አለችኝ።

«አሸንፋለች።»

ፊቴን አየችው። ፎጣዋን ይዛ ሮጠች።

አጥንቱ ለሁለት ተከፍሎ ነበር። ቀደዱት፤ ብረት አስገቡበት።

ሽልማቱ የተሰጠው በሦስተኛው ሳምንት ነው። አክስቴ የጥሪ ካርድ ቀድሞ ተልኮላት ስለነበር ሰማያዊ ቀሚሷን ለብሳ፣ እኔን አስከትላ ሄደች። የመጨረሻው ረድፍ ላይ፣ የካሜራ ገመዶቹ አጠገብ አስቀመጡን። ትልቁ ሸራ ላይ የጥይትን ሩጫ አሳዩ፤ መውደቋንም አሳዩ፤ አንዴ በፍጥነት፣ ሁለት ጊዜ ደግሞ ቀስ አድርገው። አጠገቤ ያለችው ሴት ዓይኗን ሸፈነች። ከዚያ ስሟ ተጠራ። ልጅቷ በሁለት ምርኩዝ ወደ መድረኩ ስትወጣ አዳራሹ ከመቀመጫው ተነሳ። «ለአገሯ አጥንቷን የሰጠች» አላት አስተዋዋቂው። ጥይት ዋንጫውን የምትይዝበት እጅ ስላልነበራት አሠልጣኙ ያዘላት።

እሱም ማይክሮፎኑን ተቀበለ። «ሕመሟን ከሁላችንም ደብቃ ነበር» አለ። «ብናውቅ ኖሮ አንዲት እርምጃ አናስሮጣትም። የጀግና ነገር፣ ለማንም አልነገረችም።»

አክስቴ ግማሽ ተነሳች። አፏን ስትከፍት አይቻለሁ። ቀሚሷን ጎትቼ አስቀመጥኳት። «እዚህ አይደለም፣ እባክሽ፣ ሰው ያየናል» አልኳት። እሷም ተቀመጠች። እስከ ዛሬ ድረስ ያንን እጄን እረግመዋለሁ።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ሰው ካጨበጨበ በኋላ «እንዴት በተሰነጠቀ አጥንት ሮጠች?» የሚል ጥያቄ መጣ። ሦስት ሰዎች ያሉበት ኮሚቴ ተቋቋመ፤ አንዱ ሐኪም ነው። አክስቴን ጠሯት። የሆነውን በዚያው ምሽት ቃል በቃል ነግራኛለች።

«እግሯን ማን ነው ያሰረው?» አሏት።

«እኔ።»

«ጉዳቱን ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ለማን አሳወቅሽ?»

«ለአሠልጣኙ።»

«በጽሑፍ?»

«በአፌ።»

አሠልጣኙ እዚያው ተቀምጦ፣ ጠረጴዛውን እያየ፣ «አላስታውስም» አለ። ሐኪሙ የትምህርት ማስረጃዋን ጠየቃት። የሁለት ሳምንቱን ወረቀት ሰጠችው፤ ገልብጦ ጀርባውን ሁሉ አየ። ከዚያ አንድ ገጽ አነበቡላት፤ ጥይት እንደገና ከተኛችበት ሆስፒታል ሆና የፈረመችው ነው። «እግሬን ያሰረችልኝ ወጌሻዋ ናት። አሠልጣኜ ምንም የሚያውቀው ነገር አልነበረም» ይላል። በኋላ እንደሰማነው፣ ወረቀቱን ያስፈረማት አሠልጣኙ ነው፤ ለሁለተኛው ቀዶ ሕክምና ውጭ አገር አስልክሻለሁ ብሏት።

አክስቴ ክርክር አልገጠመችም። ፊርማውን ብቻ ልየው አለች፤ አሳዩዋት፤ የልጅቷ መሆኑን አየችና ቦርሳዋን አነሳች። በማግሥቱ ከሥራ ተሰናበተች። የክፍሉን ቁልፍ ያስረከበችው ለአንድ ዲፕሎማ ላለው ወጣት ነው፤ ቅባቶቹ የትኞቹ ለምን እንደሆኑ አንድ በአንድ አስረዳችው፤ እሱ ግን ስልኩን ያይ ነበር።

ጎረቤቶቻችን፣ «አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» አሉ። እሷ ግን ይህን ስትሰማ ፊቷ ይጠቁራል። «ዳዋም ትንሽ ቀምሳለች» ትላቸው ነበር።

ከዚያ በኋላ ቤታችን ውስጥ መሥራት ጀመረች። ወገባቸውን የሚያማቸው ሹፌሮች፣ አንገታቸው የደረቀ ልብስ ሰፊዎች፣ ጆንያ ሲሸከሙ ትከሻቸው የወለቀ ተሸካሚዎች ይመጣሉ። አሠልጣኙ ብሔራዊ ቡድኑን ተረከበ። ቴሌቪዥን ላይ ሲወጣ አክስቴ አታጠፋውም፤ እስኪጨርስ ታየዋለች። ሆድ ይፍጀው ማለት ያኔ ነው የገባኝ።

ጥይት የመጣችው በሦስተኛው ዓመት ነው። በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ። ግራ እግሯ ከቀኙ አጥሯል፤ አንድ ጫማዋ ከሥሩ ተደርቦበታል። ውጭ አገር የሚባለው ሕክምና ሳይሆን ቀርቷል፤ መጀመሪያ ደብዳቤ ይጠበቃል አሉ፤ ቀጥሎ በጀት የለም አሉ፤ ቀጥሎ ስልክ የሚያነሳ ጠፋ። ልብስ ስፌት ፋብሪካ ገብታ ቆማ ስትውል እግሯ ያብጣል።

አክስቴ ወንበር ሳብ አደረገችላት። ከዚያ፣ «ስትሸለሚ አባትሽስ አየ?» አለቻት።

«አይቷል። ለሠፈሩ በሙሉ የኔ ልጅ ናት ብሏል አሉ። እኔን ግን ሊጠይቀኝ አልመጣም።» ጥይት ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «እትዬ፣ እኔ ልጅ ነበርኩ። አንቺ ታውቂ ነበር። ለምንድን ነው ያሰርሽልኝ?»

ይህን ጥያቄ ኮሚቴው አልጠየቃትም ነበር። አክስቴ እጆቿን ቀሚሷ ላይ ጠረገች፤ ደረቅ ነበሩ።

«ለምናኝ ነው እያልኩ ለራሴ ስነግረው ኖሬአለሁ» አለች። «እውነቱ እሱ አይደለም። ሃያ ሁለት ዓመት የሰው እግር ሳሽ ማንም አንድ ቀን ስሜን ጠርቶኝ አያውቅም። አንቺ እዚያ ስትወጪ እኔም የወጣሁ ያህል እንዲሰማኝ ፈልጌ ነው። ላንቺ ብዬ አይደለም ያሰርኩት፤ ለራሴ ነው።»

ጥይት ማልቀስ ጀመረች። «እኔስ፣ ያ የፈረምኩት ወረቀት...»

«ፈርመሻል። ይቅር ብዬሻለሁ ብልሽ ውሸት ይሆንብኛል፤ አንቺም እንዳትይኝ። በይ እግርሽን ዘርጊ።»

ልጅቷ ዘረጋች። አክስቴ ጠባሳውን ሳትነካ ከዳር ከዳሩ ጀመረች።

አሁንም በየአሥራ አምስት ቀኑ ትመጣለች። ባለፈው ዓመት ሽልማቱ አሥረኛ ዓመቱን ሲያከብር የቀድሞ ተሸላሚዎችን ፊት ለፊት ሊያስቀምጡ ጠርተዋት ነበር፤ ፋብሪካው አልፈቅድ አለኝ ብላ ቀረች። ፋብሪካውን ግን ጭራሽ አልጠየቀችም ነበር። የአክስቴ መገጣጠሚያ በሪህ ተይዞ ጣቶቿ አይዘረጉም፤ ስለዚህ የጥይትን እግር የማሸው እኔ ነኝ፤ ጎበዝ አይደለሁም። አክስቴ ከአጠገቤ ተቀምጣ፣ «ወደ ላይ፣ ወደ ልብ በኩል እንጂ» እያለች ታርመኛለች። ጥይት የፋብሪካውን ወሬ ታወራለች፤ አለቃዋን እያስመሰለች ታስቀኛለች፤ አንዳንዴ አክስቴም ትስቃለች። ስትሄድ አክስቴ እስከ በሩ አትሸኛትም፤ ልጅቷም ደህና ሁኚ ብላ አታቅፋትም።