የዘንድሮ ባቄላ

አባቴ ወርን በስሙ አይጠራም ነበር። እኔ የተዳርኩት «ሽምብራ እሸት ሲነቀል» ነው፤ ታናሽ ወንድሜ የተወለደው «በቆሎ መንገድ ዳር መጠበስ ሲጀምር»። የታመመ ጊዜ ሆስፒታል ስወስደው ነርሷ ሕመሙ መቼ እንደጀመረው ጠየቀችው። «ሽምብራ ካለቀ በኋላ» አላት። ልጅቷ ብዕሯን እንደያዘች እኔን አየችኝ። የካቲት ማለቱ ነው ብዬ ተረጎምኩላት።

አያት ሰፈር የነበረው የእርሻ መሬቱ ዛሬ ኮንዶሚኒየም ቆሞበታል። የካ ዳገቱ ላይ መኖር ከጀመርን ብዙ ዘመን ሆነን፤ እሱ ግን ገበሬነቱን አልተወውም። የማይዘራውን ሁሉ በየወቅቱ ካልቀመሰ ደስ አይለውም። ክረምት ሲሆን ጎመንና እንጉዳይ፣ ነሐሴ በቆሎ፣ ጥቅምት ባቄላ፣ ታኅሣሥ ሽምብራ። ከሁሉም ባቄላ እሸት ይበልጥበታል። የዓመቱን የመጀመሪያ እሸት እሱ ሳይቀምስ ማናችንም አንነካም። እናቴ እሱን ስንጠብቅ እሸቱ ሊደርቅብን ነው እያለች ታሾፍበት ነበር፤ ቢሆንም ትጠብቀዋለች።

ግንቦት ላይ ሐኪሙ እኔንና ወንድሜን ለብቻችን ጠርቶ፣ ክረምቱን መውጣቱን እንደሚጠራጠር ነገረን። ለአባቴ አልነገርነውም። እንደሚያውቅ የገባኝ በዚያው ሰሞን እንደ ዋዛ፣ «ዘንድሮ ለባቄላ እደርስ ይሆን?» ብሎ ሲጠይቀኝ ነው። እኔ ሲጨንቀኝ እቆጣለሁ። ምን ማለትህ ነው ብዬ ጮህኩበት።

በማግስቱ ጉርድ ሾላ ላይ የመስኖ ባቄላ እሸት ሲሸጥ አየሁ። ገዝቼ ወደ ቤት ሮጥኩ። ሞትን የቀደምኩት መስሎኝ ነበር። አባቴ አንዱን በጥፍሩ ፈልቅቆ አሸተተውና መልሶ ሰሃኑ ላይ አስቀመጠው።

«ይሄ ጊዜው አይደለም፣ ልጄ። እኔ ባቄላ አምሮኝ አይደለም እኮ። ክረምቱን ማለፍ ነው የፈለግኩት።»

ሰሃኑን አንስቼ ወጣሁ። ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

ከእንጦጦ ማዶ ድንችና ጎመን ተሸክማ፣ ባሕር ዛፉን አቋርጣ ወደኛ ሰፈር የምትወርድ ገበሬ ሴት አለች። ደጃችን ላይ ሸክሟን አውርዳ ታርፋለች። አባቴ በዚያ ክረምት ከአልጋው ሆኖ በመስኮት በኦሮምኛ ያዋራት ጀመር፤ ወሬው ሁሉ ስለ ባቄላዋ ነው። ሐምሌ ላይ መብቀሉን ነገረችው። ነሐሴ ላይ አበባ ይዟል አለችው። አንድ ቀን በረዶ ሲጥል የራሱን መድኃኒት እምቢ ብሎ ለእሷ ማሳ ሲጨነቅ ዋለ። መስከረም ላይ ፍሬ ቋጠረ። እኔም ሐኪሙን ትቼ የእሷን አፍ እጠብቅ ጀመር። ስትቀር እናደድባታለሁ፣ ስትመጣ ላቅፋት ይቃጣኛል።

ጥቅምት ገብቶ አንድ ጠዋት ባቄላውን ከነአገዳው ነቅላ፣ አስራ ይዛ መጣች። ጫማዋን አውልቃ እስከ አልጋው ድረስ ገባችና እግሩ ሥር አኖረችው። «እንኳን ለዚህ አደረሰዎ፣ አባባ» አለችው።

አባቴን ደግፈን አስቀመጥነው። ፈልፍዬ አንድ ፍሬ አጎረስኩት። ማኘክ አቅቶት ምላሱ ላይ ይዞት ቆየ። ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። በየዓመቱ ከቀመሰ በኋላ «ለከርሞ ያድርሰን» ይላል፤ እኛ አሜን እንላለን፤ ከዚያ ሽሚያው ይጀመራል። ያን ቀን እኛ እጃችንን ዘርግተን እየጠበቅን ነበር።

«ለከርሞ ያድርሳችሁ» አለ።

በልማድ ሁላችንም «አሜን» አልን። ያለው የገባኝ አሜን ካልኩ በኋላ ነው። ራሱን ከመሃላችን አውጥቶ መረቀን፤ እኛም ተቀበልነው። ወንድሜ ተነስቶ ወደ ውጭ ወጣ። እናቴ አንገቷን ደፍታ መፈልፈሏን ቀጠለች። አባቴ ብሉ እንጂ፣ ምን ትጠብቃላችሁ አለን። በላን።

ኅዳር ሳያልቅ ሞተ።

አርባውን አውጥተን እኔና እናቴ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ፣ ታክሲ የምንይዝበት ቦታ ላይ ሴቶች ሽምብራ እሸት ይሸጡ ነበር። የዓመቱን ሽምብራ መጀመሪያ ያየነው ያን ጊዜ ነው። እናቴ አንድ እስር ገዛች። መንገድ ላይ ውኃ እንኳን የማትጠጣ ሴት፣ ጥቁር ልብሷን እንደለበሰች እዚያው ቆማ ትፈለፍል ጀመር። እጇን ያዝኳት።

«እማዬ፣ ቤት ስንገባ ይሻላል» አልኳት።

ሽምብራው አፏ ውስጥ እንዳለ ቀና ብላ አየችኝ።

«ቤትስ ማንን እንጠብቃለን?»

እጇን ለቀቅኩት። የእስሩን ግማሽ ሰጠችኝና ታክሲው እስኪመጣ ጎን ለጎን ቆመን በላን።