ሦስተኛው ድንጋይ

ፉሞ በየጠዋቱ ከሱብሂ ሶላት መልስ ወደ ምሽጉ ግቢ ይገባና የኖራውን ጉድጓድ በአሮጌ የጀልባ መቅዘፊያ ያማስላል። ኖራው ውሃ ውስጥ ከተኛ ስድስት ወር ሆኖታል። ከመቅዘፊያው ላይ እንደ እርጎ ተንጠልጥሎ ካልወረደ ለልስን አልደረሰም።

ምሽጉ ታድሶ ሙዚየም እንዲሆን ሲወሰን የግንበኞች አለቃ ያደረገው ይህ ጥንቃቄው ነው። በባሕር ዳርቻዋ ከተማ በኪዊንዴ «የፉሞ እጅ ሲሚንቶ ነክቶ አያውቅም» ይባላል። እሱም ይህን በሰማ ቁጥር ዝም ይላል፤ ዝም ማለት ከጀመረ ሠላሳ ዓመቱ ነው።

ያስቸገረው የባሕሩ ወገን ግድግዳ ነበር። የጥንት ጀልባዎች የሚታዩበት ክፍል ያለው ከዚያ ጀርባ ነው። ሁለት ጊዜ ተለሰነ፤ ሁለቴም ጨው እያላበው ረገፈ።

«ባባ ፉሞ፣ ሐሙስ እንደገና እንለስነው ወይስ ምን ይሻላል?» አለች የሥራው ኃላፊ ዙሌካ።

«መጀመሪያ ምን እንደሚያስለቅሰው ይጠየቅ» አለ ኖራ ተሸካሚው ባክሪ። «ሚስቱ ጥላው ሄዳ ይሆናል።»

ሌሎቹ ሳቁ። ፉሞ መቅዘፊያውን አስቀመጠ።

ከሠላሳ ዓመት በፊት፣ ምሽጉ እስር ቤት በነበረበት ዘመን፣ ባሕሩ ሲሸሽ የእስረኞች ሚስቶች በአሸዋው ላይ መጥተው፣ የግቢው ውሃ በግድግዳው እግር ወደ ባሕር በሚወጣበት ቀዳዳ ትምባሆ በዱላ እየገፉ ያቀብሉ ነበር። የእስር ቤቱ አዛዥ ደረሰበትና ፉሞን አስጠራው። ፉሞ ቀዳዳውን በሲሚንቶ ደፈነና በባሕር ድንጋይ ሸፈነው። ሥራው ንጹሕ ስለነበር ቦታው ጠፋ። ውሃው ግን መውጫ አጥቶ ግድግዳው ውስጥ ቀረ።

«አትለስኑት» አላት ፉሞ ዙሌካን። «መውጫውን ደፍኜዋለሁ። በሲሚንቶ። ከማዕዘኑ ሦስተኛው ድንጋይ ሥር ነው። አለቃነቱን ለፈለግሽው ስጪው።»

ዙሌካ መልስ ከመስጠቷ በፊት ባክሪ ቅርጫቱን ከትከሻው አወረደ። አባቱ ከእስረኞቹ አንዱ ነበር።

«እናቴ ያንን ቀዳዳ የደፈነውን ሰው እስክትሞት ድረስ ረግማዋለች» አለ።

«ደርሶኛል» አለ ፉሞ።

«ወገብዎን የሚያምዎት ለካ ከእርጅና አይደለም።»

«ከእናትህ ነው። ምላሷን ታውቀዋለህ።»

ባክሪ ፈገግ ሊል ፈልጎ ተወው። ዙሌካ ወደ ማዕዘኑ ሄዳ ድንጋዮቹን በጣቷ ቆጠረች፤ ሦስተኛው ላይ በጠመኔ ምልክት አደረገች።

ቅዳሜ፣ ባሕሩ ሲሸሽ፣ ድንጋዩ ይነሳል። መሮውን የሚይዘው ባክሪ ነው፤ መዶሻውን ፉሞ።