የሰርዶው ዘበኛና ቡቺ

በረሃማዋ ሰርዶ ከተማ ላይ የአውቶቡሳችን ጎማ እስኪቀየር፣ የነዳጅ ማደያው ዘበኛ ከዳሳቸው ጥላ ሥር ቦታ ለቀቁልኝ። በዚያ ሙቀት ኮት ደርበዋል፤ ቀኝ እጃቸውን ኪሳቸው የከተቱ መስሎኝ ነበር።

«ቡቺ፣ እንግዳ መጥቷል፤ ሰላም በይው» አሏት ውሻቸውን።

ቀኜን ዘረጋሁላት። እሷ ግን የግራ እግሯን አነሳችልኝ።

«ይቅርታ ልጄ፣ ንቃህ አይደለም» ብለው ኮታቸውን ገለጥ አደረጉ። ኪሱ ውስጥ የገባው ባዶ እጅጌ ነው። «ጥጥ መዳመጫ ፋብሪካ ውስጥ ስሠራ እጄን ማሽን ወሰደብኝ። ከቁርሴ እየቆረስኩ ሦስት ወር ያስተማርኳት ባለኝ እጅ ነው። ሰዉ ግን ግራ ሲሰጡት ይቀየማል።»

ግራዬን ሰጠኋትና መዳፏን ጨበጥኩ። ሽማግሌው ወደ ጆሮዋ ጎንበስ አሉ።

«አየሽ? የሚጨብጥሽ ሰው ይመጣል ብዬሽ አልነበር?»