በባዶ እግሬ ያገለገልሁበት ክረምት

መጀመሪያ ያሳከከኝ የግራ እግሬ ጣቶች መካከል ነው። ክረምት ስለነበር የጭቃ ነገር ነው ብዬ በድንጋይ አሸሁት። ቀጥሎ እሳት የገባበት ይመስል ውስጥ ውስጡን ያቃጥለኝ ጀመር። ጠዋት ደህና ነው፤ ወደ ማታ ያብጣል።

ምን እንደሆነ መገመት ነበረብኝ። የዝሆኔ ሕሙማንን እግር የማጥብ ሰው ነበርሁ።

አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ቡሬ እናቴ ቤት ነበርሁ። አንድ ቦታ መቀመጥ አይሆንልኝም። የሰንበት ትምህርት ቤታችን ልጆች ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ አንዲት የገጠር ቤተ ክርስቲያን እየሄዱ እግራቸው ያበጠ ሰዎችን ያጥባሉ። አብሬ ወጣሁና ጥሪዬ ይሄ ነው አልሁ። አክስቴ አዲስ አበባ ሥራ አግኝታልኝ ነበር፤ አልመጣም አልኋት።

በመጀመሪያው ቀን እማማ ይታይሽ የሚባሉ ባልቴት እግራቸውን ሳፋው ውስጥ አላስገባም አሉ። ነጭ ሸራ ጫማዬን እያዩ ይቆሽሽብሻል አሉኝ። አወለቅሁት። ጌታ ዝቅ ብሎ እግር አጥቦ እኔ በጫማ ልቆም? ከዚያ ወዲያ ከምንጩ ውኃ የማመላልሰው፣ ያን ቀይ አፈር የምረግጠው በባዶ እግሬ ሆነ። ሰዎቹን ግን በሽታው ከአፈሩ ነው፣ ጫማ አድርጉ እያልሁ አስተምር ነበር። የእኔ ባዶ እግር ጽድቅ መስሎኝ ነው።

እብጠቱ ሲብስ ቦቲ አጠለቅሁ። ለሚጠይቀኝ ጭቃ ነው እላለሁ። አንድ ቅዳሜ ሳፋ እንደያዝሁ ወደቅሁ። ትኩሳት። ብርድ። ብሽሽቴ አበጠ። እግሬ ቀላ። መቆም አቃተኝ።

ፍኖተ ሰላም ሐኪም ቤት ወሰዱኝ። ሐኪሟ የምሠራውን ጠይቃኝ እግሬን ጫን አድርጋ ለቀቀችው፤ የጣቷ ጉድጓድ ቀረ።

«ፖዶኮኒዮሲስ ነው፤ ያው ከአፈር የሚመጣው ዝሆኔ» አለች። «በባዶ እግርሽ ያደግሽ ከሆነ ቀድሞ ጀምሮሻል፤ ዘንድሮ አባባስሽው። ትኩሳቱ በተሰነጠቀው ቆዳ የገባ ኢንፌክሽን ነው። አንቲባዮቲክ ትወስጃለሽ። ገና ጅምር ስለሆነ እግርሽን ከተንከባከብሽው እብጠቱ ይጎድላል።»

ከአፌ የወጣው ይህ ነው፦ «ከእነሱ ተጋብቶብኝ ነው?»

ቀና ብላ አየችኝ። «አይጋባም። የምታስተምሪው ይህንኑ አይደል እንዴ?»

ይህንኑ ነው። ስንቱን ጎረቤት አይጋባም፣ አብራችሁ ብሉ ብዬ ተከራክሬያለሁ። የራሴ እግር ሲሆን የጠረጠርሁት እነሱን ነው። ትኩሳቱ ለቀቀኝ፤ ይህ ቃል ግን አልለቀቀኝም።

እናቴ ማንም እንዳይሰማ፣ የሚያገባሽ ታጫለሽ አለች። ሰማኋት። ለጓደኞቼ ስወድቅ ያገኘኝ ወለምታ ነው አልሁ። ቅዳሜ መሄዱን ተውሁት። እንዲህ ያሰብሁ ሰው በምን ዓይኑ ያያቸዋል?

ክረምቱ አልፎ በአንድ የገበያ ቀን እማማ ይታይሽ ያን እግራቸውን እየጎተቱ ቤታችን መጡ። እናቴ ስለ ወለምታው ልትነግራቸው ስትጀምር ቦቲዬን አዩት።

«በዚህ ፀሐይ ቦቲ የሚያስደርግ ወለምታ አላየሁም» አሉ። «ሳፋ አምጪ።»

«ኧረ እማማ፣ እርስዎማ አያጥቡኝም።»

«ምነው፣ የኔ እጅ ይጋባል?» አሉ እየሳቁ፤ እናቴ ባቀረበችው ሳፋ እግሬን ማጠብ ጀመሩ።

ሐኪሟን የጠየቅሁትን አያውቁም ነበር። አለቀስሁ። ነገርኋቸው። ሳቃቸው ጠፋ፤ እጃቸው ግን አልቆመም። እንዳስተማርኋቸው በጣቶቼ መካከል ያለውን ቀስ ብለው አደረቁ።

«እኔም ሲጀምረኝ ምራቴን ነበር የጠረጠርሁ» አሉ በመጨረሻ። «ቅዳሜ ነይ። ያቺ የተካችሽ ልጅ ውኃው ሳይሞቅ ታመጣዋለች።»

ሄድሁ። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ማታ እግሬን በሳሙና እያጠብሁ፣ ሐኪሟ ባሳየችኝ ልክ በረኪና ጠብ ባለበት ውኃ እየነከርሁ፣ አድርቄ ቫዝሊን እየቀባሁ፣ ስቀመጥም ስተኛም ከፍ እያደረግሁት፣ እብጠቱ ቀስ በቀስ ጎደለና ዛሬ በካልሲና በሽፍን ጫማ የቡሬን ገበያ ዞሬ ስመለስ እንኳ አያቃጥለኝም።

እግዚአብሔር ይመስገን። ሐኪሟን እውነቱን ስለነገረችኝ፣ እማማን እግሬን ስላልተጠየፉ አመሰግናለሁ።

እግራችሁ ማቃጠል ለጀመራችሁ፦ ወለምታ ነው አትበሉ፣ ቶሎ ታዩ። ለማገልገል የምትወጡም ጫማችሁን አድርጉ፤ እግዚአብሔር እግራችሁን አልጠየቃችሁም።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ መጀመሪያ ሳፋው ውስጥ የሚገባው የእኔ እግር ነው፣ ሁሉም እያዩ። አሁንም አፍራለሁ። ከዚያ አድርቄ፣ ጫማዬን አስሬ፣ የእማማ ይታይሽን እግር እቀበላለሁ።