ኔትወርክ የሌለበት ወንዝ

ያንን ሽርሽር የጠላሁት ገና ሳይጀመር ነው። ሳምንቱን ሙሉ በሰው አገር፣ ኮንየርስ በምትባል ከተማ ያለ መጋዘን ውስጥ ቆሜ ካርቶን ስደረድር የምውል ሰው ነኝ፤ ዕረፍት ሲባል የሚታየኝ የራሴ አልጋ ነው። ባሌ ግን ሥራው ሰው ማመላለስ ነው፣ ከተሳፋሪ የሰማውን ሁሉ ቤት ይዞ ይመጣል። አንዱ ተሳፋሪ ወደ ደቡብ ወርዶ፣ ቤት የተሠራበት ጀልባ ተከራይቶ፣ ጸጥ ባለ ወንዝ ላይ ሲያዘግም ሰንብቶ አእምሮው እንደታደሰ ነግሮታል። "ሃውስ ቦቱን ቡክ አድርጌዋለሁ፣ ሪላክስ ታደርጊያለሽ" አለኝ። እኔን ሳይጠይቅ ማለት ነው። በዚያ ላይ እዚያው አጠገባችን አቮንዴል የምትኖረው ታላቅ እህቱ አብራን እንድትሄድ ጋብዟታል። እኔና እሷ ከሠርጌ ማግስት ጀምሮ ዓይንና ናጫ ነን።

የተስማማሁት አንድ ነገር ቃል አስገብቼው ነው፤ ዓርብ መንገድ ላይ ሆነን ለአባቴ እደውላለሁ። አባቴ ኮምቦልቻ ነው የሚኖረው። ዓርብ ዓርብ እሱ ከጁምዓ ሲመለስ፣ እኔ ሥራ ከመግባቴ በፊት መኪናዬ ውስጥ ተቀምጬ እደውልለታለሁ። በዚያ ሰሞን ልቡን አሞት ሆስፒታል ተኝቶ ወጥቷል። ድምፁ በየሳምንቱ እየቀጠነ ይመጣ ስለነበር ዓርብ እስኪደርስ ቀን እቆጥራለሁ። ባሌ ይህን አሳምሮ ያውቃል።

ዓርብ ገና ሳይነጋ ቀሰቀሰኝ። ሌላ ጊዜ እሱን ከአልጋ ለማውረድ ጎረቤት መጥራት ነው የሚቀረኝ። "ትራፊክ ሳይዘን እንውጣ" አለ፤ ዓይኔን በወጉ ሳልገልጥ ከምንኖርበት ከስቶን ማውንቴን ወጣን። እህቱ ቀድማ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ዓይኗ ቀልቷል፣ አብጧል። ምን ሆነሽ ስላት "ፖለኑ ነው፣ አለርጂዬ ተነሣብኝ" አለች። መኪናው ሁሉ የአበባ ቢጫ ብናኝ የሚለብስበት ወር ስለነበር አመንኳት።

ሜከን የምትባለውን ከተማ አልፈን ቦርሳዬን ስፈትሽ ስልኬ የለም።

"ቻርጀር ላይ ረስተሽው ነው" አለ ባሌ፣ ገና ምን እንደምፈልግ ሳልነግረው።

"ያንተን ስጠኝ፣ አባዬ ጋ ልደውል።"

"ናቪጌሽን ላይ ነው፣ ባትሪውም ሎው ነው። ስንደርስ ትደውያለሽ።"

ስንደርስ ኔትወርክ የለም። የጀልባው ባለቤት፣ ፊቱን ፀሐይ ያቃጠለው ሽማግሌ ነጭ፣ እዚህ ስልክ እንደማይሠራ የነገረን ትልቅ ስጦታ እንደሚሰጥ ሰው እየሳቀ ነው። ሰው የሚመጣው ለዚህ ነው አለ። ሞተሩ እንዴት እንደሚነሣ፣ ገመዱ ዛፍ ላይ እንዴት እንደሚታሰር ለባሌ አሳይቶ፣ ለሦስታችንም ላይፍ ጃኬት አድሎን ሄደ።

ስለ ጀልባው የምናገረው ደግ ነገር የለኝም። ኮንቴይነር የምታክል ቤት ውሃ ላይ ስትቀመጥ ማለት ነው። ወጥ ቤቷ ውስጥ አንዱ ዞር ሊል ሲፈልግ ሌላው መውጣት አለበት፤ ሽንት ቤቷ ትሸታለች። በእግሩ ዳር ዳሩን የሚሄድ ሰው ቢኖር ጥሎን ይሄድ ነበር። ወንዙ ያደረ ሻይ ይመስላል፣ ጥቁር ነው፣ ወዴት እንደሚፈስ እንኳ አያስታውቅም። ከዛፎቹ ላይ ሽበት የመሰለ ነገር ተንጠልጥሏል፤ ኤሊዎች ግንድ ላይ ተደርድረው ያዩናል። ባሌ መሪውን ይዞ "እዪ እንጂ፣ እዪ ኤሊዋን" ይላል፤ ኤሊ ሲያሳየኝ ጀልባውን አሸዋ ላይ አወጣት። እኔ የማየው የእሱ ስልክ ላይ "ኖ ሰርቪስ" የሚለውን ጽሑፍ ብቻ ነበር።

ከወንዙ የባሰ ያናደደኝ ግን ደግነታቸው ነው። እህቱ፣ ገና ሙሽራ ሳለሁ ወጤን ጨው በዛበት ብላ እንግዳ ፊት ያሳቀቀችኝ ሴት፣ ዕቃ አላስነካ አለችኝ። "አንቺ ዐረፍ በይ" ትላለች። ሻይ ታመጣለች፣ ከኋላዬ ትራስ ታደርጋለች፣ "ብዪ እንጂ፣ ጉልበት ያስፈልግሻል" ትላለች። ለምኑ ነው ጉልበቱ? የጀልባውን ሬዲዮ ስከፍት ቀስ ብላ መጥታ ትዘጋዋለች፣ ግን አትቆጣም። ባሌ ደግሞ ሳይነገረው ሰሃን ያጥባል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ እኔ ባለመጠርጠር አልታማም። እናታቸውን ከአገር ሊያመጡብኝ ነው አልኩ በልቤ። አሮጊቷን እኔ ቤት ሊያስቀምጡ፣ ተነሥቼ መሄጃ በሌለኝ ወንዝ መሐል እሺ ሊያሰኙኝ ነው።

ቅዳሜ ምሳ ላይ አወጣሁት።

"እናታችሁ ከመጡ አንቺ ዘንድ ነው የሚቀመጡት" አልኳት። "በሻይሽ የምታለል እንዳይመስልሽ።"

ሌላ ቀን ቢሆን ዘር ማንዘሬን ታነሣልኝ ነበር። አንገቷን ደፍታ "እሺ፣ እንዳልሽ" አለች። ጨመርኩላት፤ ሻይ ቀዳችልኝ። ወደ ባሌ ዞሬ "አንተስ ምላስህን ወንዙ ውስጥ ጣልከው?" አልኩት፤ እሱ የተበላበትን ሰሃን መሰብሰብ ጀመረ። መላሽ የሌለው ስድብ ተሳዳቢውን ያደክማል፤ ተነሥቼ የጀልባው ጫፍ ላይ ብቻዬን ተቀመጥኩ።

አመሻሹ ላይ ባሌ ስልኩን ይዞ ጣራው ላይ ወጣ። ሲወርድ "ትንሽ ኔትወርክ አግኝቼ፣ እዚያ ሌሊት ቢሆንም ኮምቦልቻ ደወልኩ" አለኝ።

"አባዬ እንዴት ነው?"

"ደህና ነው አሉ።"

"አንተ አናገርከው?"

"ላይኑ ተቋረጠ እንጂ ደህና ነው።"

ያን ጊዜ ወደድኩት። ወንዙንም ትንሽ ማርኩት። ጣውላው ላይ አብረን መግሪብ ሰገድን፤ ስንጨርስ እጄን ዘርግቼ አላህ አባቴን እንዲያሽርልኝ፣ ዕድሜ እንዲጨምርለት ለመንኩ። ባሌ ከጎኔ "አሚን" አለ። እህቱም በሩ ላይ ቆማ "አሚን" አለች። ከብዙ ጊዜ በኋላ እንቅልፍ ወሰደኝ።

እሑድ ወደ ማታ ቤት ስንደርስ መንገዳችን ግራና ቀኝ መኪና ሞልቶታል። "የማን ግብዣ ነው?" አልኩ። ባሌ መኪናውን አቁሞ በሩን ከፈተልኝ። ጫማ የተከመረው የእኛ በር ላይ ነው። ሳሎን ስገባ ሰው ሁሉ ተነሣ። ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል፤ መስጊድ የምናውቃቸው ሽማግሌ "ኢና ሊላሂ" ብለው ሲጀምሩ የቀረውን አልሰማሁም።

አባቴ የሞተው ዓርብ፣ እኛ ከመነሣታችን በፊት ነው። ዕለቱን ተቀብሯል። ስልኩ የተደወለው ለባሌ ነው፤ ባሌ ለእህቱ ደወለ፣ እሷ ደግሞ ለሽማግሌው። መርዶ ሰው ተሰብስቦ ነው የሚነገረው፣ በሥራ ቀን ማን ይመጣል፣ እሑድ ሁሉም ኦፍ ነው ተባለ። እስከዚያ ፌስቡክ ላይ እንዳታየው እዚያው ኔትወርክ የሌለበት ውሰዷት ተባለ። ደንቡን አውቀዋለሁ፤ አገሬም ቢሆን መርዶ በድንገት አይነገርም። አገሬ ግን ሐዘንተኛን ኤሊ እያሳዩ አያዞሩትም።

"ልጄ፣ ብቻሽን ሆነሽ እንዳትሰሚው ብለን ነው" አሉኝ ሽማግሌው።

"እርስዎ ይህን ሲመክሩ እኔ አልጋዬ ላይ ነበርኩ" አልኳቸው። "አሁን ደግሞ ለተቀበረ ሰው ዕድሜ ለምኜ፣ እነዚህ ሁለቱ አሚን ብለውልኝ መጣሁ። ከዚህ ወዲያ ብቻ መሆን አለ?"

ስልኬን አምጡ አልኩ። ከእህቱ ቦርሳ ወጣ፣ ተዘግቶ። ስከፍተው ከሁሉ በላይ ያለው የአባቴ የድምፅ መልእክት ነው፤ ዓርብ በእነሱ ጠዋት፣ እኔ ተኝቼ ሳለሁ የላከው። ሰው ሁሉ እየሰማ ተጫንኩት።

"ልጄ፣ ዛሬ ጁምዓ የምደርስ አልመሰለኝም፣ ደከም ብሎኛል። አንቺ ዘንድ ሌሊት ነው፤ ከሥራ ገብተሽ ነው የተኛሽው፣ እንዳልቀሰቅስሽ ብዬ ነው እንዲህ የምናገረው። ስትነሺ ደውዪልኝ፣ ስልኩን አጠገቤ አድርጌዋለሁ።"

ሳሎኑ በለቅሶ ተናጋ። እህቱ እግሬ ላይ ወደቀች፤ አላነሣኋትም። ባሌ ትከሻዬን ሲይዘኝ እጁን አወረድኩት።

አባቴን አልወቅሰውም፤ እሱ ጠዋት ያገኘኛል ብሎ ነው የተወኝ። እነሱ ግን እንደማላገኘው እያወቁ ሻይ አቀረቡልኝ። ከዚያ ወዲህ ስልኬ ድምፁ እስከ መጨረሻ ተከፍቶ ትራሴ ሥር ያድራል፤ ማንም ይደውል ማን አነሣለሁ። ባሌ "ስልክሽ እንቅልፍ ነሳኝ" ይላል። ይንሳው።