ሐኪሙ የጻፉትን ሊቀመንበሩ እንዴት እንዳነበቡት

አክስቴ ፈረስ ትፈራለች። ይህን የምናውቀው እኔና ፈረሶቹ ብቻ ነን። ሆኖም የፈረስ ስፖርት ክለቡን ወርኃዊ መጽሔት የምታዘጋጀው እሷ ናት፤ ከጋጣው በላይ ባለች፣ መስኮቷ ወደ ልምምዱ ሜዳ በሚከፈት ጠባብ ክፍል ውስጥ። የገለባ ብናኝ ጠረጴዛዋ ላይ ያርፋል፤ ከታች የሚመጣው ሽታ ወረቀቱ ውስጥ ገብቶ አባላቱ ቤት ድረስ ይሄዳል።

ሰው ሁሉ «መቀስ» ይላታል። የማንንም ጽሑፍ ሳትቆርጥ አታሳልፍም። የክለቡ ጸሐፊ ባለቤት ስለ ፈረሷ ዓይን የገጠመችው ረጅም ግጥም ከአክስቴ እጅ ሲወጣ የፎቶ መግለጫ ያህል ሆኖ ነበር።

የማትነካው አንድ ገጽ ብቻ ነው፤ የእንስሳት ሐኪሙን ገጽ። ዕድሜያቸውን በሙሉ ፈረስ ሲያክሙ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ሰኮና ለምን እንደሚሰነጠቅ፣ ሮጦ ያላበው ፈረስ ውሃ እንዴት እንደሚሰጠው ይጽፋሉ፤ ትርፍ ቃል አይወጣቸውም። «የእሳቸው ቀድሞ ተቆርጦ ነው የሚመጣው» ትላለች አክስቴ።

ችግሩ፣ ከእሷ በቀር የሚያነበው የለም። አባላቱ መጽሔቱ ሲደርሳቸው ፎቶዎቹ ላይ ራሳቸውን ይፈልጋሉ። ካገኙ ደስ ይላቸዋል፤ ካጡ አክስቴ ጋ ይደውላሉ።

አንድ ቀን የክለቡ ሊቀመንበር በቦት ጫማቸው ደረጃውን እያንቀጠቀጡ ወጡ።

«መቀስ፣ ያንን የሐኪሙን ገጽ አንሺልኝ። የልጄ የዝላይ ፎቶዎች ቦታ አጡ።»

«ለመሆኑ አንብበውት ያውቃሉ?»

«እኔ ኮርቻ ላይ ያደግኩ ሰው ነኝ እኮ! ምን ልማር ብዬ?»

«እንግዲያው አባላቱ ይጠየቁ። አንድ ሰው እንኳ አንብቤያለሁ ካለ ገጹ ይቆይ።»

ሊቀመንበሩ ከት ብለው ሳቁ። «እሺ፣ በውድድሩ ቀን ሁሉም በተሰበሰበበት እጠይቃለሁ። እጅ ካልወጣ ግን እንዳታለቅሺብኝ!»

የዚያ ወር ጽሑፍ ስለ ጠፍር ነበር፤ በፈረሱ ሆድ ዙሪያ ዞሮ ኮርቻውን ስለሚያስረው። ፈረስ ሲጫን ሆዱን ይነፋል፤ ጠፍሩ የጠበቀ ይመስላል። ትንሽ ቆይቶ ሲተነፍስ ይላላል። ስለዚህ ከመቀመጥዎ በፊት ድጋሚ ያጥብቁ፣ ይላል። አክስቴ ደጋግማ አነበበችውና ተከዘች። እንኳን ለዚህ፣ ለግጥሙም እጅ የሚያወጣ አልታያትም።

በውድድሩ ቀን ሊቀመንበሩ ነጭ ጓንት አጥልቀው፣ በመወጣጫው በኩል ግራጫ ፈረሳቸው ላይ ወጡና መጽሔቱን ከፍ አድርገው ያዙ።

«የሐኪሙን ገጽ ያነበባችሁ፣ እስቲ እጃችሁን!»

አንድም እጅ አልወጣም። አክስቴ ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያ የክለቡ ገንዘብ ያዥ፣ ሰው ሁሉ ሲያየው ጊዜ፣ እጁን አወጣ። እሱ አንባቢ ሆኖ እኔ መሃይም ልባል ነው ያለ ጎረቤቱም አወጣ። ወዲያው ሜዳው ላይ ያልወጣ እጅ ጠፋ፤ ያን ጠዋት የተመዘገበው አዲስ አባል ሁለቱንም አንስቷል።

ሊቀመንበሩ ከሰው ማነስ አልፈለጉም። «እኔማ በቃሌ ነው የያዝኩት!» አሉ። «ይቆይ እንግዲህ። እንቺ መቀስ፣ አሸነፍሽ!»

አክስቴ ፍርሃቷን ዋጥ አድርጋ ወደ ፈረሱ ተጠጋች። ሊቀመንበሩ መጽሔቱን ሊያቀብሏት ጎንበስ ሲሉ፣ ኮርቻው አብሯቸው ጎንበስ አለ። እሳቸው መሬት ላይ ሲዘረጉ ፈረሱ ንቅንቅ አላለም፤ አንገቱን ዞር አድርጎ አያቸው እንጂ።

ቀድመው የደረሱት ሐኪሙ ነበሩ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እኔ እኮ የእንስሳት ነኝ» አሉ።

«አሁን ምን ልዩነት አለው!» ብለው ጮኹ ሊቀመንበሩ።

ትከሻቸው ተጠግኖ አልጋ ላይ ሳሉ፣ «ከራሴ ልምድ» የሚል ረጅም ጽሑፍ ላኩ። ገጹ ይቆይ ተብሏል፤ የዚህ ወር ባለሙያ ግን እኔ ነኝ፣ ይላል መልእክታቸው። አክስቴ የአያታቸውን ፈረስ ቆረጠች፣ ወጣትነታቸውን ቆረጠች፣ የዕለቱን ፀሐይ ቆረጠች። መጨረሻ ላይ የቀረው የሐኪሙ ምክር ነበር፤ ቃል በቃል። ይዛው ሐኪሙ ዘንድ ሄደች።

«ስምዎን አስገባለሁ። ሊቀመንበሩ ከፈለጉ ይጣሉኝ!»

«ተዪ ልጄ። እኔ ስጽፈው ያጠበቀ ሰው የለም። እሳቸው ወድቀውበታል።»

ሊቀመንበሩ ትከሻቸውን ታስረው የተነሱት ፎቶ አጠገብ ስለወጣ ሁሉም አነበበው። በቀጣዩ ውድድር ፈረሰኛው በሙሉ ጎንበስ ብሎ ጠፍሩን ሲያጠብቅ፣ አክስቴና ሐኪሙ አጥሩን ተደግፈው ያያሉ። ገንዘብ ያዡ በአጠገባቸው ሲያልፍ ቆም አለ።

«ዶክተር፣ የሊቀመንበሩን ጽሑፍ አይተውታል? ለእርስዎም ሙያ እኮ ይጠቅማል።»

«አይቼዋለሁ» አሉ ሐኪሙ። «ጥሩ አድርጋ ቆርጣዋለች።»

አክስቴ፣ ሐኪሙ ለሚቀጥለው እትም ስለ እርካብ የጻፉትን ከቦርሳዋ አውጥታ በእጇ ያዘችና፣ ይህን ደግሞ ማን ቢወድቅበት እንደሚሻል ሜዳውን ትቃኝ ጀመር።