የባሌ ክንድ

ባሌ ከአሶሳ ሸማኔዎች ሁሉ የሚበልጠው እሱ እንደሆነ ዞሮ ጠይቆ አረጋግጦ ነበር። እኔ ደግሞ የፈተልኩት ጥጥ ሸማ እየሆነ ቤት ውስጥ ሲከመር አያለሁ። ከሁሉ የሚበልጥ ሸማኔ ሥራው ለምን እንደማይሸጥለት አንዴ ብጠይቀው፣ ገበያው ዕውር ስለሆነ ነው አለኝ።

ከመተከል ደጋ ጫፍ ወደዚህ ቆላ የወረድነው ከአባቴ ቁጣ ሸሽተን ነው። አባቴ ገበሬ ናቸው። ለእሳቸው ሸማኔ ማለት ጉድጓድ ውስጥ ተቀምጦ የሚውል፣ እህል የማያበቅል ፍጡር ነው። ልጃቸው እንዲህ ያለውን ሰው ተከትላ ስትወጣ አልረገሙኝም። ክረምቱ ወጥቶ አባይ ሲጎድል አህያ ይዤ እመጣለሁ፣ ዕቃሽን ጭኜ እመልስሻለሁ ነው ያሉኝ። አባቴ ደግሞ ቀጠሮ አያፈርሱም። እኔ መመለስ አልፈለግሁም። የወንድሞቼ ሚስቶች የሚጠቋቆሙብኝ ሴት ከምሆን በአሶሳ ሙቀት ብቀቀል ይሻለኝ ነበር። የቀርከሃ ጎጇችን ብትንጋደድም የኔ ነበረች፤ እወዳት ነበር።

ባሌን ለዙረት ያነሳሳው ከሱዳን በኩል የሚመጣ አንድ ነጋዴ ነው። ጥላችን ሥር አረፍ ብሎ ሲያወጋ፣ በአገሩ የእጅ ሙያ ያለው ሰው ጎበዝ ነኝ ብሎ ቤቱ እንደማይቀመጥ፣ የሙያ ጓደኞቹን ሥራ ዞሮ አይቶ ራሱን ከእነሱ ጋር እንደሚያስተያይ ነገረን። መልካም ምክር ነበር፤ ባሌ እጅ ባይገባ።

በማግስቱ ሥራውን ትቶ ከሸማኔ ሸማኔ ይዞር ጀመር። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት ይኸው ነው። በየጉድጓዱ አፍ ይቆማል፣ ሰላምታውን ያረዝማል፣ ከዚያ በቀን ስንት ክንድ ትሠራለህ ብሎ ይጠይቃል። የነገሩትን ይዞ ይመጣና ከራሱ ጋር ያስተያያል። ሁልጊዜ የሚበልጠው እሱ ነው።

ክንድ ማለት ከክርን እስከ ጣት ጫፍ መሆኑን ሁሉም ያውቃል። የማን ክርን ነው ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም። ሁሉም ሥራውን የሚለካው በገዛ ክንዱ ነው፤ እግዚአብሔርም ባሌን ሲሠራ ለምላሱ ያልሳሳውን ለክንዱ ሳስቷል። የአገሬው የበርታ ሸማኔዎች ደግሞ ረጃጅሞች ናቸው። ያንኑ አንድ ሸማ እነሱ ሲለኩት ያንሳል፣ እሱ ሲለካው ይበዛል። እንግዲህ ባሌ አገሩን ሁሉ የበለጠው በክንዱ እጥረት ነበር።

ገዥ ግን ሞኝ አይደለም። እዚህ ሸማ ሊገዛ የሚመጣ ሰው ረጅም ዘመዱን አስከትሎ ነው የሚመጣ። ዘመድዬው ክንዱን ይዘረጋና ይለካል። ባሌ ይህን ከዘረፋ ይቆጥረዋል፤ በሻጭ ክንድ ካልሆነ አልሸጥም ብሎ ይሟገታል። አንድ ቀን አንድ ወርቅ አጣቢ ከነዘመዱ መጥቶ ብዙ ከተጨቃጨቀ በኋላ ሸማውን አጥፎ አስቀመጠና ወደ ሌላው ሸማኔ ሄደ። ባሌ ረትቶ ተቀመጠ፤ ሸማውም ተቀመጠ።

ዝናቡ እየሳሳ ሲመጣ ፈራሁ። አባቴ አህያዋን ሲያሰናዱ በዓይኔ ይታየኝ ነበር። የአገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ ነውና እንዝርቴን ይዤ፣ ሸማው ቤት ውስጥ ወደማያድርበት የበርታ ሸማኔ ቤት ሄድኩ። ሚስቱ ቦታ ለቀቀችልኝና አብረን መፍተል ጀመርን። መጠየቅ እንኳ አላስፈለገኝም። በራቸው ላይ አንድ ቀርከሃ ተሰቅሏል፤ በገበያው ረጅም በተባለው ሰው ክንድ ልክ የተቆረጠ። የመጣ ገዥ እሱን አውርዶ በራሱ እጅ ይለካል፤ ዘመድም ሙግትም አያስፈልገውም።

ታዲያ አትከስሩም ወይ አልኳት። እንዝርቷን ሳታቆም ሳቀችና በሰባራ አማርኛዋ መለሰችልኝ።

«እህቴ፣ ያንተ ባል ሥራው ጥሩ ነው። ክንዱ ነው ትንሽ። ሰው ከሰው ክንድ ይጣላል፤ ከቀርከሃ ግን ወላሂ አይጣላም።»

ለባሌ ነገርኩት። ወዲያው ወደደው፤ ለመውደድ የፈጠነው ሐሳቡ የራሱ መስሎት ነው። ሳይውል ሳያድር ቀርከሃ ቆርጦ በራችን ላይ ሰቀለ። የቆረጠው በገዛ ክንዱ ልክ ነበር። ሳቅም ለቅሶም አንድ ላይ መጣብኝ።

እሱ ድር ሊያደራ ሲወጣ ተመልሼ ሴትዮዋ ዘንድ ሄድኩ። በእነሱ ቀርከሃ ልክ ሌላ ቆረጥኩ፣ የባሌን ምድጃ ውስጥ ማገድኩት፣ አዲሱን በቦታው ሰቀልኩ። ባሌ አንዴ ያወቀውን ነገር ደግሞ የሚለካ ሰው አይደለም። ከዚያ ወዲህ በዚያው ቀርከሃ እየለካ ሲሠራ፣ ጥጡ ዘንድሮ ምን ነካው፣ አልበረክት አለ እያለ ያጉረመርማል። እኔም አዎ፣ የዘንድሮ ጥጥ በረከት የለውም እለዋለሁ። ክምሩ ግን ጎደለ። ወርቅ አጣቢውም ተመልሶ መጣ፤ ዘመዱን ሳያስከትል። ባሌ ገበያው ዓይኑ በራ አለ።

አባይ ጎደለ፤ አባቴም እንደ ቃላቸው አህያቸውን እየነዱ መጡ። ልቤ ከእንዝርቴ ይልቅ ይሾር ነበር። ባሌ ውሃ እስኪጠጡ እንኳ አልታገሣቸውም።

«አባቴ፣ ዛሬ አሶሳ የሚለካው በኔ ክንድ ነው» አላቸውና ቀርከሃውን አሳያቸው።

አባቴ ረጅም ሰው ናቸው። ቀርከሃውን አወረዱና በገዛ ክንዳቸው ላይ አጋደሙት፤ ልክክ አለ። ከዚያ የባሌን ክንድ አዩ። ከዚያ እኔን አዩ። እኔ ፈትሌ ላይ አቀረቀርኩ።

«ልጄ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ባልሽን ቆላው ተስማምቶታል። ክንዱ አድጓል።»

ባሌ እጅ ነሳ።

አባቴ ሦስት ቀን አርፈው ሲመለሱ አህያዋ ባዶዋን አልሄደችም። ለእናቴና ለራሳቸው የሚሆን ሸማ ጭነውባታል፤ በቀርከሃው አንድ በአንድ ለክተው የወሰዱት።